ሳቅ ከሥራ ቦታ ይውጣ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሥራ አመራር ረጅም ልምድ እንዳላቸው የሚገልጹ አንድ ጸሐፊ፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን ሳቅና ጨዋታ በዝቷልና ሊገታ ይገባል የሚል ጽሑፍ አቅርበዋል። ጽሑፉ የሚነሣው ሁላችንም ከምናውቀው ትዕይንት ነው፤ ባለጉዳይ መስኮቱ ፊት ቆሞ እየጠበቀ ሠራተኞቹ ከውስጥ ሻይ ይዘው ይሳሳቃሉ። ከዚያ በመነሣት ጸሐፊው አምስት ነገሮችን ያስረዳሉ፦ ሳቅ የሥራን ጊዜ ይበላል፤ ሳቅ የፈጠራ ሐሳብን ያነቃቃል የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም፤ አዲስ ሐሳብ የሚወለደው ከችግርና ከጫና ነው፤ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ሲስቅ ክብር ይጠፋል፤ በመጨረሻም ሥራንና ሳቅን ማደባለቅ ከባህላችን ውጭ የመጣ ነገር ነው። ስለዚህም ጨዋታ ለምሳ ሰዓት ብቻ እንዲፈቀድ መሥሪያ ቤቶችን ይመክራሉ። እኔ ዕድሜዬን በሕንፃ ንድፍ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ይህ ምክር በተግባር ቢውል ምን እንደሚጠፋ በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልሁም፤ ጸሐፊውን ከልብ እያከበርሁ በየነጥቡ መልስ ልስጥ።

ስለ ባለጉዳዩ በተነሣው ነገር ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም፤ ያ ሰው ተበድሏል። የተበደለው ግን ሠራተኞቹ ስለ ሳቁ ሳይሆን እርሱን ስለ ተዉት ነው። እነዚያው ሠራተኞች አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ስልካቸውን ቢነካኩ ኖሮ ሰውየው በዚያው መስኮት ፊት ያንኑ ያህል ይቆም ነበር። ጊዜ ይበላል የተባለውም ቢሆን፣ ሳቅ ማለት ሰዎች ሥራ ፈትተው የሚቀመጡበት የቀልድ ጉባኤ ነው ከሚል ግምት የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የሳቅ ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን ከተማሪዎቹ ጋር ሰዎች በሚገናኙባቸው ቦታዎች እየተዘዋወረ 1,200 ያህል የሳቅ አጋጣሚዎችን መዝግቦ ነበር፤ ያገኘውም ከሳቁ በፊት ቀልድ የሚመስል ነገር የተነገረው ከመቶ ሃያ በማይሞላው አጋጣሚ ብቻ መሆኑን ነው። የቀረው ሳቅ የመጣው «እሺ፣ በኋላ እንገናኝ» ከሚሉት ዓይነት ተራ ንግግሮች በኋላ ነበር። ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን ሠላሳ እጥፍ ያህል እንደሚስቅም አሳይቷል። ሳቅ በመሠረቱ በንግግር መካከል የሚያልፍ፣ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ የመቀራረብ ምልክት ነው፤ ይህን ከሥራ ሰዓት ለመቀነስ መሞከር እስትንፋስን ከንግግር ለመቀነስ እንደ መሞከር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የክርክሩ እምብርት ይህ ነውና እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። ጸሐፊው «ማስረጃ የለም» ሲሉ ምናልባት ማስረጃው በእጃቸው ስላልገባ ይሆናል እንጂ፣ ጉዳዩ ከተመረመረ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ነው።

በሥነ ልቡና ምሁራን ዘንድ የታወቀ አንድ ፈተና አለ፤ መነሻው የጀርመናዊው ተመራማሪ የካርል ዱንከር ነው። ለተፈታኙ አንድ ሻማ፣ ክብሪትና በትንሽ ሣጥን የሞሉ ስፒሎች ይሰጡትና፣ ሰሙ ወደ ታች ሳይንጠባጠብ ሻማውን ግድግዳው ላይ አቁሞ እንዲያበራ ይጠየቃል። ብዙው ሰው ሻማውን በስፒል ለመውጋት ወይም በቀለጠ ሰም ለማጣበቅ ይታገላል። መልሱ ስፒሎቹን ከሣጥኑ አውጥቶ ባዶውን ሣጥን ከግድግዳው ጋር በስፒል በማያያዝ ለሻማው መደርደሪያ ማድረግ ነው። ችግሩ ሣጥኑን ሁሉም ሰው የሚያየው «የስፒል መያዣ» አድርጎ ብቻ መሆኑ ነው። አሊስ አይሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዚህ ፈተና በፊት ጥቂት ደቂቃ አስቂኝ ፊልም ካዩት ተሳታፊዎች መካከል 75 በመቶው መልሱን ሲያገኙ፣ ስለ ሒሳብ የሚያስረዳ ፊልም ካዩት ግን ያገኙት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገሩ የደም መንቀሳቀስ ብቻ እንዳይሆን ሌሎችን የአካል እንቅስቃሴ አሠርተዋቸው ነበር፤ እነዚያ ግን ያን መሰል መሻሻል አላሳዩም። ተሳታፊዎቹ በቁጥር ብዙ እንዳልነበሩ አልሸሽግም፤ ውጤቱ ግን ብቻውን አልቆመም። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ አቭነር ዚቭ የተባለ እስራኤላዊ ምሁር የአንድ ቀልደኛን ቅጂ ያዳመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፈጠራ ችሎታ ፈተና ካላዳመጡት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ እነ ማርክ ቢማንና ጆን ኩኒዮስ የአንጎልን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየተከታተሉ፣ ደስ ያላቸው ሰዎች የቃል እንቆቅልሾችን «ብልጭ» በሚል ድንገተኛ ማስተዋል አብዝተው እንደሚፈቱ፣ ይህም ዝግጁነት ጥያቄው ከመቅረቡ አስቀድሞ በአንጎላቸው ላይ እንደሚታይ ገልጸዋል።

ጸሐፊው «እነዚህ የተማሪዎች ፈተናዎች ናቸው፤ መሥሪያ ቤት ሌላ ነው» ሊሉ ይችላሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ የሚመልሰው እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የናሌ ሌማን-ቪለንብሮክና የጆሴፍ አለን ጥናት ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች በጀርመን አገር በኢንዱስትሪ ድርጅቶች የሚሠሩ የ54 ቡድኖችን እውነተኛ የሥራ ስብሰባ በቪዲዮ ቀርጸው፣ ንግግሩን አንድ በአንድ እየለዩ መረመሩ። ያገኙት ነገር እኔን በጣም አስደንቆኛል፤ ለውጥ ያመጣው አንድ ሰው የወረወረው ቀልድ ብቻውን ወይም ሳቅ ብቻውን አልነበረም። ለውጥ ያመጣው አንዱ ሲቀልድ ሌላው ስቆ፣ ሦስተኛው በዚያው ላይ ሲጨምር የሚፈጠረው ተከታታይነት ነበር። ከእንዲህ ዓይነቱ ቅብብሎሽ ቀጥሎ ሰዎች አዳዲስ መፍትሔዎችን ያቀርቡ፣ ውይይቱን መልክ ያስይዙ፣ ባልደረባቸውን ያበረታቱ ነበር። ይህ የሚታይባቸው ቡድኖች በዚያን ጊዜም ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ የሥራ ውጤት ነበራቸው። አባቶቻችን ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል ያሉትን ተመራማሪዎቹ በሰዓትና በደቂቃ ለክተው እንዳገኙት አድርጌ ነው የማየው።

ሦስተኛው ነጥብ ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚለው ነው። ችግር ጥያቄውን እንደሚወልድ እኔም አምናለሁ፤ ሻማውም ችግር ነው። ነገር ግን ሁለቱም የተፈታኝ ቡድኖች የነበራቸው ያው አንድ ችግር ሆኖ ሳለ የፈቱት በእኩል መጠን አልነበረም። የተጨነቀ ሰው ትናንት የሠራለትን መንገድ አጥብቆ ይይዛል፤ ሣጥኑም ሣጥን ሆኖ ይቀራል። አንድሬ ጋይም የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ ልጥቀስ። ይህ ሰው ሕያው እንቁራሪት በኃይለኛ ማግኔት አየር ላይ እንዲንሳፈፍ በማድረጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አስቀድሞ ለሚያስቁ ከዚያም ለሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከባልደረባው ከኮንስታንቲን ኖቮስዮሎቭ ጋር ዓርብ ማታ ማታ ከዋናው ሥራ ውጭ የሆኑ፣ ሌላው ሰው የማይረባ የሚላቸውን ሙከራዎች የመሞከር ልማድ ነበራቸው። በተራ የማጣበቂያ ፕላስተር ከግራፋይት ላይ ስስ ሽፋን እየላጡ ግራፊን የተባለውን የአንድ አተም ውፍረት ያለው ቁስ ለይተው ያወጡት በዚህ መንፈስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዋናውን የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሁለቱንም ሽልማቶች የተቀበለው ያው አንድ ሰው ነው፤ በእንቁራሪቷ የሳቀው አእምሮና ግራፊንን ያገኘው አእምሮም አንድ ናቸው።

ከራሴ ሥራም አንድ ነገር ላንሣ። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ በጣም ተዳፋት በሆነ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት እንነድፍ ነበር። ቦታው በላይና በታች መንገድ አለው፤ የተሰጠን መነሻ ሰነድ ግን መግቢያውን በታችኛው መንገድ አድርጎታል። ለሊፍት የተያዘ ገንዘብ አልነበረም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ልጆች ወደ ላይኞቹ ክፍሎች እንዴት እንደሚወጡ ስንጨነቅ ሁለት ሳምንት አለፈን። ሰው ሁሉ ተዳክሞ በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ ከመካከላችን በዕድሜ ታናሽ የሆነችው አርክቴክት፣ «ልጆቹን ከላይ እናስገባቸውና በመንሸራተቻ ይውረዱ» አለች። ተሳሳቅን። አንዱ «ርእሰ መምህሩም ኮታቸውን ሰብስበው ይንሸራተታሉ» ብሎ ጨመረ፤ ሳቁ በረታ። በዚያ መካከል መሐንዲሳችን ዝም ብለው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የሕንፃውን ቁርጥ ሥዕል (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ቢታይ የሚኖረውን መልክ የሚያሳየውን ንድፍ) መመልከት ጀመሩና፣ «እስኪ ቆይ፤ ከላይ እናስገባቸው ነው ያልሽው?» ብለው ጠየቋት። ከላይኛው መንገድ በአጭር ድልድይ ወደ ሦስተኛው ወለል ማስገባት እንደሚቻል ከዚያ በፊት ማንም አላሰበም ነበር፤ ሰነዱ መግቢያው ከታች ነው ስላለ ለእኛ መግቢያ ማለት ታች ብቻ ሆኖ ነበር። ድልድዩ ሲጨመር ተማሪው አንድ ፎቅ ብቻ ይወጣል ወይም ሁለት ፎቅ ይወርዳል፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆነውን መንገድም ተዳፋቱን ተከትለን ከውጭ ዘረጋነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «መግቢያው ወደ ላይኛው መንገድ እንዲዛወር ተወሰነ» የሚል አንድ መስመር ነው። ስለ መንሸራተቻው የተጻፈ የለም፤ ሐሳቡ የተገኘው ግን ከዚያ ነው።

ስለ ክብር የተነሣው አራተኛው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው፤ ያንን ግማሽ መካድ አልፈልግም። አማርኛችን ራሱ ሳቅን ከሹፈት፣ ጨዋታን ከፌዝ፣ ቀልድን ከሽሙጥ ለይቶ ያስቀምጣል። ሥራ በጀመርሁበት በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የገባ ወጣት የንድፍ ባለሙያ በስብሰባ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አሳስቶ በመጥራቱ ኃላፊው ቃሉን እየደጋገሙ አሾፉበት፤ እኛም ኃላፊው ስለ ሳቁ ሳቅን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ልጅ እጁ የተባረከ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሥራውን እስኪለቅ ድረስ በስብሰባ ላይ አንድም ቃል ሲናገር አልሰማሁም። እንዲህ ያለውን ሳቅ ጸሐፊው ቢያወግዙ አብሬያቸው አወግዛለሁ። ነገር ግን ያንን ልጅ ዝም ያሰኘው ሳቁ የወረደበት አቅጣጫ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከጠንካራው ወደ ደካማው ወረደበት። ከመንሸራተቻው ሳቅ ጋር ያስተያዩት፤ እዚያ ቀልዱን የጀመረችው ታናሿ ናት፣ የተቀለደውም በችግሩ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፣ ሐሳቧን አንሥተው ለቁም ነገር ያበቁት ደግሞ ከሁላችንም የሚበልጡት መሐንዲስ ናቸው። ከዚያ በኋላ እኚህን ሰው ያነሰ ያከበራቸው ሰው አላውቅም።

የሃርቫርዷ ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት፣ አባላቱ ብናገር እዋረዳለሁ ብለው የማይፈሩበት ቡድን የተሻለ እንደሚማርና እንደሚሠራ አሳይታለች፤ ጉግልም ከ180 በላይ የራሱን ቡድኖች መርምሮ ለቡድን ስኬት ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ከፍርሃት ነጻ መሆን እንደ ሆነ ደርሶበታል። አዲስ ሐሳብ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ሞኝነት ይመስላል። ሞኝ የሚመስል ነገር መናገር በማይቻልበት ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ብቻ ይሆናል፤ ጸሐፊው ክብር ብለው የጠሩት ጸጥታ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ እሰጋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ሳቅና ሥራን ማቀራረብ ከባህላችን ውጭ ነው የሚለው አምስተኛው ነጥብ ነው። ቋንቋችን ወግንም፣ መዝናናትንም፣ ከሰው ጋር መነጋገርንም «ጨዋታ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል፤ «እስኪ ተጫወቱ» ስንል «ተናገሩ» ማለታችን ነው። ደቦ ወጥቶ ያጨደ ሰው ሥራው የሚቀልለው በዘፈኑ፣ በፉከራውና አንዱ በሌላው ላይ በሚወረውረው ለዛ ያለው ነገር መሆኑን ያውቃል። ልጆቻችን በእንካ ስላንቲያ የሚለማመዱት ምንድን ነው? አንዱ ቃል ሲሰነዝር ሌላው በዚያው ቅጽበት ቤት የሚመታ፣ የማይጠበቅና የሚያስቅ መልስ ማግኘት አለበት፤ ይህ ከቤት ደጅ የሚሰጥ የፈጠራ ትምህርት ነው።

ወደ ቅኔም እንሂድ። ሰምና ወርቅ አንድን ቃል በሁለት ትርጉም አቁሞ፣ ሰሚው ሰሙን ይዞ ሲሄድ ድንገት ወርቁን ያሳየዋል። ቀልድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አድማጩን በአንድ መንገድ ወስዶ በሌላ በር ያወጣዋል። የሻማው ሣጥንም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሰሙ «መያዣ» ነው፣ ወርቁ «መደርደሪያ»። ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ከሰው ርቆ በጸጥታ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ይህ ለጸሐፊው ሐሳብ የሚያደላ እውነት ነው። ነገር ግን ቅኔው በጉባኤ ሲነገር የሚጠብቀው «ይበል! ይበል!» የሚለው የደስታ ድምፅ ነው፤ ባለቅኔው ወደዚያ ጸጥታ የሚገባው ይህን ድምፅ ተስፋ አድርጎ ነው።

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት እኚህ የፎገራ ሰው ዛሬ በአብዛኛው የሚታወሱት በቀልዳቸው ነው። የተዘነጋው ግን ከአገሪቱ ታላላቅ የአቋቋም (በመቋሚያና በከበሮ የሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ) ሊቃውንት አንዱ መሆናቸው ነው። በልጃቸው ስም የተክሌ ዝማሜ ተብሎ የሚጠራውን የአቋቋም ስልት የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። እንደሚተረከው፣ በጣና ሐይቅ ዳር ሆነው ማዕበሉ ሸምበቆውን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው አይተው፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ካህናቱ መቋሚያና ወደ ዝማሜው አመጡት። የጎንደር ሊቃውንት በመጀመሪያ እንዳልተቀበሉት፣ ልጃቸው ተክሌ ግን በደብረ ታቦር አስተምሮ እንዳስፋፋው ይነገራል። በሐይቅ ሸምበቆና በመቅደስ ዝማሜ መካከል ዝምድና ያየው ዓይን፣ በቃላት መካከል ያልተጠበቀ ዝምድና እያየ ሕዝብ ያሳቀው ያው ዓይን ነው። የአገራችን ዋነኛ ቀልደኛ የሚባሉት ሰው፣ እጅግ ጥብቅ ሥርዓት ባለው ሥራ ውስጥ አዲስ ስልት ያቆሙ ሊቅ ሆነው ሳለ፣ ሳቅና ፈጠራ ከውጭ አገር የተዋስናቸው ነገሮች ናቸው ማለት እንዴት ይቻላል?

ጸሐፊው በትክክል ሊያነሡት የሚችሉት፣ ግን ያላነሡት አንድ መከራከሪያ ግን አለ፤ ለእውነት ስል እኔ ላንሣላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ የአዳም አንደርሰንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ደስ የሚል ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች የተራራቁ ቃላትን በማዛመድ ሲሻሻሉ፣ በዚያው መጠን ግን ዓይናቸውን በአንድ ነገር ላይ ብቻ አጥብቆ በመያዝ እንደ ተዳከሙ አሳይቷል። ደስታ የትኩረትን በር ይከፍታል፤ በሩ ሲከፈት የማይፈለገውም ይገባል። ስለዚህ የአንድን ምሰሶ ብረት ብዛት የሚያመሳክር ባልደረባዬ አጠገብ እኔም ጸጥታ እንዲኖር እፈልጋለሁ። መድኃኒት የምትለካ ነርስም፣ ገንዘብ የሚቆጥር የባንክ ሠራተኛም ይህ ይገባቸዋል። መፍትሔ የሚፈለግበትን ሰዓትና የተገኘው መፍትሔ የሚረጋገጥበትን ሰዓት መለየት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ደንብ እንዲወጣ ከፈለጉ እኔ የምደግፈው ይህን የሚለይ ደንብ ነው።

የጀርመኑ ጥናት ለአለቆች የሚበጅ አንድ ሌላ ነገርም ይዟል፤ ሠራተኞቹ ነገ ከሥራ እንባረር ይሆናል ብለው በሚሰጉባቸው ቡድኖች ውስጥ የሳቁ ቅብብሎሽና የሥራው ውጤት ዝምድና አልታየባቸውም። እንግዲህ ሰው በሥጋት ላይ ተቀምጦ ሳለ የቀልድ ሰዓት ቢመደብለት፣ በየሳምንቱ አስቂኝ ፊልም ቢታይለት የሚጠቅመው ነገር የለም። ሥጋቱን ሳያነሡ ሳቅን ማዘዝ፣ ሳቅን ከመከልከል የተሻለ ነገር አይደለም።

ለምሳ ሰዓት ብቻ ይፈቀድ የሚለውን ምክር የምቃወመውም ለዚህ ነው። ምሳ ላይ መሳቅ መልካም ነው፤ እኛም እንስቃለን። ነገር ግን ያን ዕለት ስለ መንሸራተቻው የሳቅነው ምሳ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ሳቃችንን ጨርሰን ሒሳባችንን ከፍለን እንነሣ ነበር፤ መሐንዲሱ ዓይናቸውን የሚጥሉበት የሕንፃው ቁርጥ ሥዕል በፊታቸው አልነበረምና።